ባለ ገመዱ እና ክፍቱ ጉድጓድ

ጋሽ ደምመላሽ ወደ ኢየሩስ ፎቶ ኮፒ ቤት የገቡት መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ነበር። ቅዳሜ በሮቤ አዳራሽ የክብር ካባ ይለብሳሉ፤ የሽልማቱ ኮሚቴ ደግሞ መታወቂያ አምጡ ብሏል።

«ከተማው ሁሉ የሚያውቀኝን ሰውዬ፣ ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል?» አሉ ገና ደጁ ላይ።

«ካባውን ሌላ ደምመላሽ እንዳይወስድብዎት ነው» አለች ኢየሩስ።

ማሽኑ ወረቀት በወረቀት ላይ እየደረበ ነበር። ከላይ ያለው ገጽ ላይ ገመድ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ቀይ ካባው በነፋስ የሚውለበለብ፣ አፍንጫው ጎበጥ ያለ ጀግና ይበራል። ጋሽ ደምመላሽ ፈገግ አሉ። የልጆች ኮሚክ ጀግና የሆነው «ባለ ገመዱ» አፍንጫውን ከማን እንደወሰደ የማያውቅ የሮቤ ተማሪ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቧንቧ ውሃ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው በግቢው ጉድጓድ ያስቆፍራል። ሕፃን ወይም ጥጃ በገባ ጊዜ ደግሞ ሰው የሚሮጠው ወደ ጋሽ ደምመላሽ ነው። እሳቸው ገመዳቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይወርዳሉ። የዳነው ልጅ እናት ከአዲስ ልብስ ላይ ብጣሽ ቀድዳ ገመዱ ላይ ትቋጥራለች፤ አባትየው በግ ያርዳል፤ ሰፈሩ በልቶ፣ መርቆ ይበተናል። እንዲህ ሲሆን ገመዱ በዘመኑ ብዛት ከላይ እስከ ታች በብጣሽ ጨርቅ አሸብርቋል።

«ሦስተኛው ወጣ እንዴ?» ብለው ገጹን አነሱ።

በስዕሉ ባለ ገመዱ ሕፃን ታቅፎ ከጉድጓድ ይወጣል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ከጥግ የቆመች አንዲት ልጅ ግን ጀግናውን አታይም፤ ጉድጓዱን ነው የምታየው። «ባለ ገመዱ፣» ትላለች፣ «ባለፈው እኔንም ያወጣኸኝ ከዚሁ ነበር። ለምን እንደ ተከፈተ ትተኸው ትሄዳለህ?» በሚቀጥለው ገጽ ጀግናው በርሮ ሄዷል። ወረቀቱን የሞላው የጉድጓዱ ጥቁር አፍ ነው።

የጋሽ ደምመላሽ ፈገግታ ጠፋ። «ይህን የሳለችው የት ነች?»

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ፤ ደህና ነዎት?» አለች ሳቢሪን፣ ከጥግ ወረቀት ማጠፏን ትታ እየተነሣች። የጎረቤታቸው የኦቦ ወዚር ልጅ ናት፤ ጎባ ስዕል ታስተምራለች። «ዛሬ ቤትዎ ልመጣ ነበር። እርስዎ ሳያዩት እንዲበተን አልፈልግም።»

«መቼ ነው የሚበተነው?»

«ዓርብ፣ ለተማሪዎች።»

«ቅዳሜ ካባ የሚያለብሱትን ሰው ዓርብ ልታራቁቺው?»

«አይፈቅዱ እንደሆነ ሁለቱን ገጾች አወጣቸዋለሁ፤ ወላሂ። ብቻ መጀመሪያ ይስሙኝ።»

ወንበር ሳበችላቸው። አልቀመጥ ብለው ቆዩና ተቀመጡ።

«እስቲ ንገሪኝ፤ እኔ ለነፍሴ ሳልሳሳ አልወረድኩም?»

«ወርደዋል። እርስዎ ባይወርዱ ኖሮ እኔም ዛሬ እርሳስ አልይዝም ነበር። ገመድዎ ላይ ያለው አረንጓዴው ብጣሽ የኔ ነው።»

«ታዲያ!»

«ከአረንጓዴው በላይ ያለው ቢጫው የማን ነው?»

ቢጫው የታናሽ ወንድሟ የኢህሳን ነው። ያወጡትም ከዚያው ከኦቦ ወዚር ጉድጓድ ነበር። ኢህሳን ዛሬም ያነክሳል።

«ጉድጓዱ የአባትሽ ነው» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «ክደኑ ብዬ ሰው ግቢ እገባለሁ? የኔ ሥራ ማውጣት ነው።»

«አባቴንም አልማርኩትም። ይኸው፣ ስዕሉ ላይ በጉን የሚጎትተው እሱ ነው።»

አዩት። «ከበጉ ይልቅ እሱ ይጮሃል» አሉ፤ ሳይወዱ ሳቅ አመለጣቸው።

«ጋሼ፣ ሕፃን በወጣ ቁጥር ደስታችን ዓይናችንን ይጋርደዋል። ለበጉ የወጣው ወጪ ክዳን ያሠራ ነበር። ጤና ጣቢያው ‹ጉድጓድ ክደኑ› የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ፍየል በላችው። እኔ ብናገር ‹የትናንት ልጅ› እባላለሁ። እርስዎ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ግን ማን እምቢ ይላል? ደግሞ ባለ ገመዱ መብረር ብቻ ነው የሚችለው። እርስዎ ግን ግንበኛ ነዎት።»

ይህ የመጨረሻው ቃል የት እንደሚያርፍ ታውቅ ይሆን? ጋሽ ደምመላሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲያቆሙ ኖረዋል። ሲሚንቶና ጡብ በእጃቸው ነበር። ሰው ባዳኑበት ጉድጓድ ዳር አንዲት ጡብ አለማኖራቸው እስከዛሬ አልታያቸውም። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ያመሰግናቸው የነበረው ሕዝብ ሁሉ ገመዱን እንጂ ጉድጓዱን እንዲያዩ አላደረጋቸውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ክዳን ተሠራ እንበል። ሰው አልወደቀም። ያልወደቀ ልጅ እናት ማንን ታመሰግናለች? ብጣሹን የት ትቋጥራለች?»

ሳቢሪን አንገቷን ደፋች። «እሱን እኔም መሳል አቅቶኛል። ልጅ በተከደነ ጉድጓድ አጠገብ አልፎ ይሄዳል። ሌላ ምንም የለም። ምኑ ይሳላል?»

ማሽኑ ቆሟል። ኢየሩስም ኮፒዋን ትታ ታዳምጣለች።

ጋሽ ደምመላሽ የመጨረሻውን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አገላበጡት። ጀርባው ላይ ሳቢሪን በእርሳስ ክዳን ለመሣል ሞክራ ኖሯል። «ይሄ ምንድን ነው? መሬት ላይ የተኛ ክዳን? በክረምት ጎርፍ ሥሩ ይገባል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ልጅ ይረግጠውና ይዞት ይወርዳል። ክፍቱን ከመተው አይሻልም! እርሳስሽን አምጪ።»

ሰጠቻቸው። ቀስ እያሉ ከመሬት ከፍ ያለ የግንብ አንገት፣ በማጠፊያ የሚከፈት ወፍራም ክዳን፣ ዳር ዳሩን የውሃ መውረጃ ሣሉ። «ቁልፍ ይኑረው። ቁልፉ እናትየው ዘንድ ይቀመጥ እንጂ ልጆች ዘንድ አይደለም።»

«ገጾቹንስ ላውጣቸው?»

«ተዪአቸው። ዓርብ ያንብቡት፤ ቅዳሜ እኔ እመልሳለሁ።»

ቅዳሜ ካባው ሲመጣ ጋሽ ደምመላሽ ትከሻቸውን አልሰጡም። ገመዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «ይህን ሁሉ ብጣሽ የቋጠራችሁልኝ እናቶች ሆይ፣ ተባረኩ» አሉ። «ሁለት ብጣሽ ከአንድ ጉድጓድ የመጣበት ጊዜ አለ። ያ የእናንተ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ግንበኛው እኔ ነበርኩ። ከዛሬ ጀምሮ የሚጠራኝ ሰው ልጁ ሳይወድቅ ይጥራኝ። የእጄን ዋጋ አልጠይቅም፤ ጡቡን አቅርቡ። በጉ ይቅር።» መጀመሪያ የተነሣው ኦቦ ወዚር ነበር። «የኔን ሰኞ» አለ። ካባውን ጋሽ ደምመላሽ የለበሱት ከዚያ በኋላ ነው።

ክረምቱ አልፎ መፀው ሲገባ የሰፈሩ ጉድጓዶች አብዛኞቹ አንገትና ክዳን ነበራቸው። ጎርፍ ስለማይገባ ውሃው ጠራ፤ አይጥና እንቁራሪት ቀረ፤ የልጆች ሆድ ቁርጠት ቀነሰ። ለበግ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ደብተር ገዛ። እናቶች ገበያ ሲሄዱ ልባቸው ወደ ቤት አይሸሽም። ይህን ሁሉ ያመጣው አንዲት ወጣት ጀግናን ሳታዋርድ መጠየቅ መቻሏ፣ ጀግናውም ጥያቄን ከስድብ መለየቱ ነው።

አራተኛው ኮሚክ ሲወጣ ልጆች አጉረመረሙ። ባለ ገመዱ ካባውን አጥፎ፣ የግንበኛ ማንኪያውን ይዞ ጡብ ሲደረድር ይውላል። በመጨረሻው ገጽ አንዲት ልጅ ኳስ እያንከባለለች በክዳኑ አጠገብ ታልፋለች፤ በቃ።

ኢህሳን እያነከሰ ጋሽ ደምመላሽ ደጅ ድረስ ይዞት መጣ። «አባባ፣ በዚህኛው እኮ ምንም አልሆነም!»

ጋሽ ደምመላሽ የመጨረሻውን ገጽ ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ከግድግዳው ገመዱን አውርደው፣ ገመዱ ተሰቅሎበት በነበረው ሚስማር ላይ ገጹን ሰቀሉት።