ጥቁሩ መነጽር አይስትም ብዬ ስለ መሰከርኩበት ጉዳይ

ቃል ሰጪ፦ ሻርሼናሊ ኦሞሮቭ
ዕድሜ፦ 61 ዓመት
ሥራ፦ የሰዓትና የመነጽር ጥገና
አድራሻ፦ ናሪን ክፍለ ሀገር፣ ቆክ-ጃር መንደር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን
ቀንና ሰዓት፦ ኦክቶበር 16 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ኢንስፔክተር ኑርጋዚ ቤይሼኖቭ
ጉዳዩ፦ የካዲርበክ ሳሊዬቭ አሟሟት፤ ለሁለተኛ ጊዜ የተሰጠ ቃል

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ጣቢያ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከትናንት በስቲያ የሰጠሁት ቃል ስህተት ነው። አዳኙ ቶሎጎን የታሰረው በእኔ ቃል በመሆኑ፣ ያለ ጥፋቱ እንዳይቀጣ ነው የመጣሁት።

ሟች ካዲርበክ በመንደራችን ገበያ የአደን ዕቃ ይሸጥ ነበር። ኦክቶበር 12 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ጥቁርና አንድ ግራጫ የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ይዞ ሥራ ቤቴ መጣ። ዋጋቸው እኩል ነው፤ ከርካሹ ከፍ፣ ከውዱ ዝቅ ያሉ ናቸው። ስማቸውና ሳጥናቸው ግን ይለያያል። ቶሎጎን አንዱን ሊገዛ ስለሆነ የትኛው በጥሩ እጅ እንደተሠራ ንገረኝ አለኝ። በዚህ ነገር በወረዳው የሚወዳደረኝ የለም ባይ ነኝ፤ ሰውም እንዲሁ እያለ አበላሽቶኛል።

በመጀመሪያ ሁለቱንም ሙቅ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከርኳቸው። ግራጫው ከመስታወቱ ዳር አረፋ ተፋ፤ ይህ ማለት ብርድ ሲመታው ከውስጥ ጉም ይይዛል ማለት ነው። ጥቁሩ አንዲት አረፋ አላወጣም። ቀጥዬ ፈታኋቸው። የግራጫው ሙጫ ተዝረክርኳል፣ የብሎኑ ጥርስ ይሻክራል፣ የውስጡን ቱቦ ደግፎ የሚይዘው ስፕሪንግ ሳስቶ በጣት ይታጠፋል። የጥቁሩ ጥርስ ልስልስ፣ ስፕሪንጉም ድርቅ ያለ ብረት ነው። ከውጭ ለሚያየው ግን ግራጫው ሙሽራ ይመስል ነበር። ሁለቱንም መልሼ ገጠምኩና ጥቁሩን ሽጥለት፣ ግራጫው እኔ ጋ ይቅር አልኩት።

በመንደራችን መነጽር ሻጭ በዕቃው ማመኑን የሚያሳየው፣ ሲሞከር ከዒላማው ሁለት እርምጃ ከሚርቀው ድንጋይ ጀርባ በመቀመጥ ነው። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ጥይቱ የት እንዳረፈ በቆቡ ያመለክታል። ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚደበቅ ሻጭ መሳቂያ ይሆናል፣ ዕቃውንም የሚነካለት የለም። ካዲርበክ ሲወጣ ከበሩ ላይ ዞሮ፣ “አባባ፣ ድንጋዩ ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ እንግዲህ” አለኝ። እኔም “አንገትህን ቀና አድርገህ ተቀመጥ፤ ዋስህ እኔ ነኝ” አልኩት። ይህን ብያለሁ።

ኦክቶበር 14 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ ሰዎች ከወንዙ ማዶ ተገኘን። ቶሎጎንና ካዲርበክ በበጋ በግጦሽ ተጣልተው፣ ቶሎጎን ሰው እየሰማው “አንድ ቀን እንተያያለን” ብሎት ነበር። ሽማግሌ አስታርቋቸዋል፤ መነጽሩንም ከእሱ ለመግዛት የመጣው ለእርቁ ሲል ነው። ሙከራው የታወቀው ነው፤ ከሁለት መቶ ሜትር ላይ የመነጽሩን ማስተካከያ ቁልፍ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ እያዞሩ አራት ማዕዘን መተኮስ፣ በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ መመለስ። ሦስቱ ጥይቶች ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ካዲርበክ ቆቡን እያውለበለበ “ቶሎጎን፣ ሚስትህ እንኳ እንዲህ አትታዘዝልህም!” ብሎ ጮኸ፤ ሁላችንም ሳቅን።

በአራተኛው ተኩስ ቆቡ አልታየም። ሲቀልድ መስሎን ጠበቅን። አንዱ እንዲያውም ስሙን እየጠራ ተሳደበ። ከዚያ ቶሎጎን ጠመንጃውን ጥሎ ወደ ድንጋዩ ሮጠ፤ ተከተልነው። ደርሰን ካዲርበክን ስናየው ጥይቱ ከግንባሩ በላይ ገብቷል። እስካሁን ድረስ ያ ፊት ከዓይኔ አልጠፋም።

ፖሊስ ደርሶ መነጽሩ ሊስት ይችል እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ “ይህን ዕቃ በእጄ ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ አይስትም። እዚያ ከመታ እዚያ አነጣጥሮ ነው” ብዬ ፈረምኩ። ቶሎጎን “አባባ፣ እኔ ዒላማውን ነው ያየሁት” አለኝ። እጁን በካቴና አሰሩት።

ትናንት ከቀኑ 6 ሰዓት በሐዘን ድንኳኑ ደጃፍ ከወንዶቹ ጋር ቆሜ ሳለሁ የቶሎጎን እናት ሴይዴካን እያለቀሰች መጣች። የሟች ወንድሞች ገፍትረው መለሷት። ጭቃው ላይ ወድቃ “ሻርሼናሊ፣ አንተ እንኳ ልጄን ታውቀው የለም?” አለችኝ። ፊቴን አዞርኩ። ነገር ግን ልቤ እምቢ አለኝ። የጥቁሩን ጥራት በማነጻጸር ላስረዳና ራሴንም ላሳርፍ ብዬ ቤቴ ገብቼ ግራጫውን ፈታሁት።

ውስጡ ያገኘሁት ያንን ድርቅ ያለ ስፕሪንግ ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ሌላ በሆነልኝ ብዬ። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ መሆን አለባቸው፤ የአንዱ ስፕሪንግ በሌላው ልክክ ብሎ ይገባል። መልሼ ስገጥም ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። የሳሳው ስፕሪንግ ሦስት ምት ችሎ በአራተኛው ቱቦውን ለቀቀው፤ ጥይቱም ከዒላማው ወጥቶ ወደ ድንጋዩ ሄደ።

ምክትል ኢንስፔክተሩ ጥቁሩ በባለሙያ ሳይከፈት ሰውየውን መፍታት እንደማይችሉ፣ በወረዳው የታወቀው ባለሙያም እኔ እንደሆንኩ ነገሩኝ። እኔ ዳግም አልነካውም አልኩ። ስለዚህ በሁለት ታዛቢዎች ፊት እኔ በቃል እየመራሁ እርሳቸው ብሎኑን ፈቱ። የሳሳው ስፕሪንግ ተጣሞ ወጣ።

ቶሎጎንን ከእስር ክፍል አምጥተው አሳዩት። ይተፋብኛል ብዬ ነበር። ስፕሪንጉን አይቶ “ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?” ብሎ ጠየቀ። ስምንት ሰዓት ነው አልኩት። “ይነሱ፣ አብረን እንሂድ” አለኝ። እኔ እንደማልሄድ፣ መቅበር የሚገባው እሱ እንደሆነ፣ በመንገዱም እናቱን ይዟት እንዲገባ ነገርኩት። ሄዷል።

ከትናንት በስቲያም ቃሌ እውነት ነው ብዬ በዚሁ እጄ ፈርሜያለሁ፤ ያኔ የማልኩት በሙያዬ ነበር። የዛሬው ተነቦልኝ፣ የምጨምረውም የምቀንሰውም የሌለ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ከዚህ በኋላ ወደ ቤቴ እንድመለስ ቢፈቀድልኝም እዚሁ መቆየትን መርጫለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ሻ. ኦሞሮቭ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ኑ. ቤይሼኖቭ
ያበቃበት ሰዓት፦ 5፡45