አባቴ ያልጠጣው መጠጥ

ዛሬ ሐሙስ፣ ሰኔ 22 ቀን 1981 ዓ.ም. ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ያስፈራኛል። ስለዚህ ጽፌ መጣሁ፤ ቀና ሳልል ባነብ አትታዘቡኝ።

ክቡራትና ክቡራን፣ የሽንኩርት መልቀሚያ ቤት ጓዶቼ! በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ ለስላሳ ፈልጋችሁ ስላመጣችሁልኝ፣ እትዬ እጅጋየሁም ዳቦ ስለደፉልኝ አመሰግናለሁ። ካለቀስኩ ሽንኩርቱ ነው።

አዲስ የገባችሁት "ፈሪሃ ለምን ትሄዳለች?" ትላላችሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ከአብዱሰላም ነው። የዚህ እርሻ የትራክተር ሾፌር ነበር። አምና እግሩ መወላገድ፣ አንደበቱም መጎተት ጀመረ። አንድ ቀን ሽንኩርት የሞላ ተጎታች ቦይ ውስጥ ገለበጠ። ወዲያው ለሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ።

"ጠጥተህ ነው ወይስ አሻጥር ነው?" አሉት ሰብሳቢው ጓድ ምናሴ።

ምን ይበል? አሻጥር ካለ ወህኒ ነው። ያመነ ግን ምሕረት ያገኛል ይባላል። በሕይወቱ ጠብታ ያልቀመሰው አባቴ፣ "ጠጥቼ ነው፤ ሁለተኛ አይለመደኝም" አለ።

እትዬ እጅጋየሁ ከኋላ ብድግ አሉ። "ኧረ በሕግ አምላክ! ጠላ የምጠምቀው እኔ፤ አንድ ቀን ደጄን ረግጦ አያውቅ! የማን ቤት ጠጣ?"

"ራሱ አምኗል እኮ፣ ጓድ እጅጋየሁ!" አሉ ሰብሳቢው። ቤቱ ሳቀ።

ሁለተኛ ከታየበት እንደሚባረር ተነገረው። እግሩ ደግሞ ማስጠንቀቂያ አይሰማም፤ እየባሰበት ሄደ።

የደረሱልን የጤና ጣቢያው ድሬሰር ጋሼ ተሻለ ናቸው። አፉን አሸተቱና "ከሽሮ በቀር የሚሸት የለም" አሉ። አፍንጫህን በጣትህ ንካ ቢሉት ጉንጩን ወጋ። "ይሄ የጭንቅላት ነገር ነው። አዲስ አበባ አንጎልን ከውስጥ ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ አለ። ሳይብስበት ውሰጂው።"

የጣርማ በርን ዳገት አልፈን አዲስ አበባ ገባን። መሣሪያው ትልቅ ክብ ነው፤ ሰው ተኝቶ መሀሉ ይገባል። አባቴ አየውና "የየትኛው ትራክተር ጎማ ነው?" አለ።

ሐኪሟ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅለው ከማጅራት በላይ ያለውን ቦታ አሳዩን። ሚዛናችንን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል መኮማተር ጀምሯል። "መጠጥም እንዲህ ያደርጋል" አሉ። "ይጠጣሉ?"

አባቴ ጓድ ምናሴ እዚያ የቆሙ ይመስል ወደ በሩ ዞሮ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ጠጥቼ አላውቅም" አለ።

ሐኪሟ ደሙንም ጉበቱንም አስመርምረው አመኑት። "የሚያድነው መድኃኒት የለም። ግን ገና በጅምሩ ነው ያገኘነው። መንዳት ይተው፣ በየቀኑ ይራመዱ፤ ብዙ ጊዜ አለዎት።"

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣሁ። እኔ! ፎቶውን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ "አባቴን የሚያወላግደው ይሄ ነው" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ወጣ። ጓድ ምናሴ ተቀብለውኝ አዩ፣ አሁንም አዩ።

"ጓድ፣ ገልብጠው ነው የያዙት!" አሉ እትዬ እጅጋየሁ።

ጓድ ምናሴ፣ እዚሁ ስላሉ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አቃንተው ከያዙት በኋላ ያሉትን ግን አልረሳም፦ "የዛሬው ግለ ሂስ የእኔ ነው። ጓድ አብዱሰላምን ያላደረገውን አሳምኜዋለሁ። ሂሴን ውጫለሁ፤ የእምነት ቃሉም ተሽሯል።" ጭብጨባው ቆርቆሮውን አናጋው! አባቴም አጨበጨበ፤ መዳፎቹ እየተላለፉበት።

አሁን ጥላ ሥር ተቀምጦ አዲሶቹን ሾፌሮች ያስተምራል። የሞተር ሕመም በድምፁ ይለያል። "እግሬ ቢወላገድ ጆሮዬ ቀጥ ብሎ ይሄዳል" ይላል። ታዲያ አላሸነፍንም?

እኔም ቅዳሜ አዲስ አበባ፣ አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ያንን ፎቶ የሚያነሱትን ሰዎች "ይሄን ሥራ ለመማር ከየት ይጀመራል?" ብላቸው፣ "ላንቺ ከሰባተኛ ክፍል" ብለው ሳቁ። እኔም ካቋረጥኩበት፣ ከሰባተኛ እጀምራለሁ።

እጃችሁ አይዛል። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። የታመመባችሁ ሳይብስበት ሐኪም ያግኝ። ሐሰት የተወራበትም ተሟጋች አይጣ።

ነገ ግን ገና እዚሁ ነኝ፤ ጁምዓ ነው። አባቴ ስሙ ከጸዳ በኋላም፣ ሲወላገድ አይተው ሰካራም እንዳይሉት፣ መስጊድ የሚሄደው በጓሮ በኩል ነው። ነገ ክንዱን ይዤ በአስፋልቱ፣ በሻይ ቤቶቹ ሁሉ ፊት እወስደዋለሁ። እየተወላገደ፣ በቀን ብርሃን።