ወደ ግድግዳ የዞሩት ዕጩ

እትዬ፣ እንዴት ዋልሽ? ኧረ አትነሺ፣ እግርሽን ከማሽኑ ላይ አታንሺ። እማዬ “የቀሚሴ ዚፕ ደርሶ እንደሆነ ጠይቂልኝ” ብላ ልካኝ ነው። ካልደረሰም አይቸኩልም... ሙቀቱ ደግሞ ዛሬ አይጣል ነው! ውይ፣ አጎቴም እዚህ ናቸው ለካ! እንደምን ዋሉ አጎቴ? ኮቱ እንዴት ያምርብዎታል! ገና በአንድ እጅጌ እንዲህ ያማረ፣ ሁለተኛው ሲገባማ የከሰዓቱ ስብሰባ ላይ ሕዝቡ ምን ሊሆን ነው? አይንቀሳቀሱ ብቻ፣ በስፒል ነው የያዘችው፤ ይወጋዎታል።

እትዬ፣ እጅሽ ሲሠራ ጆሮሽ ሥራ ከሚፈታ አንድ ወሬ ላውራሽ? ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነው። አታውቂያቸውም። እርስዎም አያውቋቸውም አጎቴ፣ የት ተገናኝታችሁ!

እኚህ ሰው መንፈሳዊ ናቸው ስልሽ... ቤተ ክርስቲያን የሚቀድማቸው የለም። ከዘገዩ የፊት ወንበሩ ይያዝባቸዋላ! ጸሎት ሲጀመር ዓይናቸውን ጭፍን ያደርጋሉ። አንዱን። በሌላኛው ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ያያሉ... እረኛ በጎቹን እያየ ቢጸልይ ምን ነውር አለው? በተለይ ምርጫ ሲደርስ። ለምክር ቤት ሊወዳደሩ ነዋ። ትሕትናቸውስ ብትይ! ፎቷቸውን በየግድግዳው ያስለጠፉት እኮ ሰው እንዳይናፍቃቸው አዝነው ነው።

ታዲያ ፖስተሩ ተረፈ። የት ይቀመጥ? የሚያከራዩት ሕንፃ አላቸው፤ ከደረጃው ጫፍ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። ምድር ቤቱን የተከራየች አንዲት ሙስሊም ልብስ ሰፊ ደግሞ እዚያች ክፍል መስገጃዋን ዘርግታ ትሰግዳለች። አንቺን አላልኩም እትዬ! በዓለም ላይ ስንት ልብስ ሰፊ አለ።

ሰውየው ፖስተሩን አስጭነው መጡና የት ደረደሩት መሰለሽ? ሴትዮዋ ዞራ በምትሰግድበት ግድግዳ ላይ አስደግፈው! እሷ ደግሞ ስትሰግድ ፊት ለፊቷ የሰው ምስል እንዲኖር አትፈልግም፤ ሃይማኖቷ ነው። ተናገረች? አልተናገረችም። ቁራጭ ጨርቅ ጣል አድርጋባቸው ትሰግዳለች። ጨርቁ ሸርተት ይልና... ጥርሳቸው ብቅ! ስትነሳ ጥርስ፣ ስትደፋ ጥርስ። ይኼን አንዲት ልጅ አየች። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ቆንጆ ናት ነው የሚሉት። ወጣችና ሁሉንም ፖስተር አንድ በአንድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። አስቢው እንግዲህ፣ የስግደቱ አቅጣጫ እኮ ነው! ሰውየው ከተወለዱ እንደዚያን ቀን ፊታቸውን ወደ ፈጣሪ አዙረው አያውቁም...

ምነው አጎቴ? ወጋዎት እንዴ? አይዞዎት፣ ስለ ሌላ ሰው ነው።

በነጋታው ሰውየው ፖስተር ሊወስዱ በሩን ከፈት ሲያደርጉ ሴትዮዋ ግንባሯን መሬት አስነክታለች፤ ከፊቷ የሳቸው ፖስተር ክምር። ክፍሏ ጨለም ያለች ናት፤ መዞሩን አላዩማ! ልባቸው ቅልጥ አለ። በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው በእግር ጣታቸው ወረዱ። እሑድ ከጸሎት በኋላ መድረክ ላይ ወጡና ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “ወገኖቼ፣ አንዲት ሙስሊም እህታችን ፎቶዬን ከፊቷ አድርጋ ለድሌ ስትሰግድ በዓይኔ አየሁ! ከዚህ ትጋት መማር አለብን!” በስመ አብ! ጭብጨባው አላባራ አለ፤ እሳቸውም እንባቸውን ጠረጉ። ካሜራ ካለ እንባ አይገድም... እንዲያ አይደል የሚባለው?

ከዚያች ሴት መማሩስ እውነት ነው፣ ማርያምን። ሰዓቱ ሲደርስ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ነው ብድግ የምትለው፤ ሙሽራ ትቁም፣ ሹም ይቁም። እኔ እንኳን ጸሎት መሀል ስልኬ ከተንቀጠቀጠ “አሜን” እስኪባል አልችልም። አንድ ቀን ያቺ ቆንጆ ልጅ “ግንባርሽ መሬት ሲነካ ምን ትያለሽ?” ብላ ጠይቃታለች አሉ። “ልዕልና የፈጣሪ ነው እላለሁ፤ እኔ ታች ነኝ፣ እሱ ላይ” አለቻት። በቃ። ስለ ምክር ቤት ወንበር ምንም የለበትም። ግን ለተመራጭ ይኼን ማን ደፍሮ ይነግራል?

ሰኞ ደግሞ ወጥተው ፖስተሩን ሲያገላብጡ... ሁሉም ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። “ናቀችኝ!” አሉ። እሑድ ያስጨበጨቡባትን ሴት ሰኞ በሩን ቆለፉባት፤ ቁልፉንም ኪሳቸው ከተቱት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ፤ ሳይሾም የቆለፈስ ሲሾም ምን ሊያደርግ ነው እትዬ? እሷ ደግሞ “እኔ አላዞርኩም” ብላ አልተከራከረችም፤ ያቺን ልጅ ላለማጋለጥ ይሆናል። ይኸው ለቀትሩ የዙህር ሶላት ገበያውን አቋርጣ መስጊድ ድረስ ትሄዳለች። እስክትመለስ ማሽኑ ቆሞ ደንበኛ ይጉላላል፤ ሌላ ሰፊ ፍለጋ የሄዱም አሉ። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን ልቀቂ ሳይሏት ለቃ መሄዷ ነው።

አሁን እንበልና ያቺ ሴት የአንድ ዕጩ ኮት ጀምራለች። ሁለተኛውን እጅጌ ሳትገጥም ሰዓቱ ይደርሳል። እሷ መስጊድ ደርሳ እስክትመለስ ስብሰባው ይጠብቃል? አይጠብቅም! በእርግጥ በአንድ እጅጌም መድረክ መውጣት ይቻላል፤ ሕዝቡ የሳቸውን ነገር በግማሽ መቀበል ለምዷል። በመዋጮ ያስጀመሩት መንገድ ግማሽ፣ ውኃውም ግማሽ...

ውይ፣ ማሽኑን አቆምሽው? የሶላቱ ሰዓት ደረሰ እንዴ? ነጠላ ጫማሽን ልታደርጊ ነው?

አጎቴ፣ ምነው ላብ በላብ ሆኑ? ኪስዎ ውስጥ ምን ይፈልጋሉ? ስፒሉን ይጠንቀቁ! በግራ እጅ አይመችም፣ ቆይ እኔ ላውጣልዎት... ቁልፍ! ተመልከቺ እትዬ፣ ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው! የዚያ ሰውዬ ቁልፍ አጎቴ ኪስ ምን አመጣው? ወድቆ አግኝተው ሊሰጡሽ ይዘውት ነበር ማለት ነው። ደግ ሰው እኮ ናቸው። እንኪ፣ አንቺው ጋ ይቅር፤ አጎቴም አይከፋቸውም። አይከፋዎትም አይደል? በይ እትዬ፣ ወጥተሽ ተረጋግተሽ ስገጂ፤ ፖስተሩን እኔ እስከ ማታ አወርደዋለሁ።

እኛ ደግሞ እስክትወርድ ያንን ሰውዬ እንመርቃቸው አጎቴ፤ ሰው አምተው ሳይመርቁ መለየት ጥሩ አይደለም። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ቤታቸውን ይባርክ፣ ልጆቻቸውን ያሳድግላቸው። ሕዝቡም በምርጫው ቀን፣ እሳቸው በጸሎት ሰዓት ፈጣሪን እንደሚያስቡት... ልክ እንደዚያው አድርጎ ያስባቸው። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። አሜን ይበሉ እንጂ አጎቴ!