እዛ እያለሽ

ጋሽ አሕመድኑር የመካነ ሰላም መናኸሪያ ቆርቆሮ ሥር ቆመው ከደሴ የሚመጣውን አውቶብስ ከቀትር ጀምረው ይጠብቃሉ። የሐምሌ ዝናብ አላባራም፤ የካፖርታቸው ትከሻ ርሷል። የሚጠብቁት ሰው አይደለም፣ ዕቃ ነው። ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ሱሀይላ ለኮምፒውተራቸው ኤሌክትሪክ የሚያቀብል ፓወር ሰፕላይ ገዝታ፣ ወደ አገሯ በምትመለስ የከላላ ልጅ ላከችላቸው። የከላላዋ ልጅም ደሴ ላይ ለአውቶብሱ ረዳት አስረከበችው። በዚህ ሁሉ እጅ ያለፈው ዕቃ አማና፣ አደራ ነው፤ አማና ደግሞ በወሎ ምድር አይጠፋም። በዚህ ጋሽ አሕመድኑር አልተሳሳቱም። የተሳሳቱት በሌላ ነው።

አውቶብሱ ገባ። ረዳቱ በላስቲክ የተጠቀለለውን ካርቶን ሲያቀብላቸው ከኋላው የሻለም ወረደች። የጎረቤታቸው የአቶ ብዙነህ ልጅ ናት፤ ኮምቦልቻ ተምራ ተመልሳ በከተማው ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ታስተምራለች። እሷም ብብቷ ሥር ካርቶን ሸጉጣለች።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽዬ! በዚህ ዝናብ ምን አስወጣዎት?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ የኔ ልጅ። አማና መጥቶልኝ ነው። ነይ ቤት ግቢ፣ እስኪያባራ አረፍ በይ።»

ቤት ያሉት የጽሕፈትና የኅትመት ቤታቸውን ነው፤ ከመናኸሪያው አጥር ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል። ከሚሊኒየሙ ወዲህ በሱሀይላ ደመወዝ የተከፈተች ናት። ኮምፒውተሩ ከቆመ ጀምሮ ግን በሯ ቢከፈትም ባይከፈትም ለውጥ የለውም፤ ማመልከቻ የሚያጽፈው ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ቤት ለምዷል። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት መጥተው ጠረጴዛውን ይወለውሉና ይቀመጣሉ።

«አንቺስ ምን ይዘሻል?» አሏት ገብተው እንደተቀመጡ።

«እኔም ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ። ደሴ ፒያሳ ገዛሁት።»

«ስንት አሉሽ?»

ነገረቻቸው። ጋሽ አሕመድኑር ከት ብለው ሳቁ። በዚያ ክረምት ሲስቁ የታዩት ያን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

«ያረቢ! ዘርፈውሻል! ሱሀይላ በግማሹ ነው ያገኘችው፤ ያውም የአረብ አገር ዕቃ!»

«ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎት። የእርስዎ ኮምፒውተር የቆመው መቼ ነው?»

«ሚያዝያ ውስጥ።»

«የትምህርት ቤቱ የተበላሸው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ነገ ሥራ ይጀምራል። እርስዎ ግን የፈተናውም የምዝገባውም ጊዜ እጅዎን አጣጥፈው አለፈብዎት። ያጡት ገቢስ የዕቃው ዋጋ ላይ አይደመርም?»

«ሲሳይ የአላህ ነው፤ ያለፈው አለፈ። ዕቃው ግን ረክሷል።»

«ይዛው የመጣችው ልጅ ለኪሎው አላስከፈለችም?»

«እሱን ሱሀይላ ቻለችው።»

«ቀረጡንስ?»

«ልጅቱ ሳትከፍል አልቀረችም፤ ወላሂ፣ አልነገረችኝም።»

«የስልኩንስ?»

«የምትደውለው ሱሀይላ ናት።»

«እንግዲያው ዕቃው አልረከሰም ጋሽዬ። ሌላ ሰው ከፈለልዎት።»

ነገሩ ጋሽ አሕመድኑርን ጎረበጣቸው። ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት። የሻለምም እንደ ጎረበጣቸው አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ለመሆኑ ሱሀይላ ዘንድሮ ትመጣለች አልነበር?»

«ትመጣለች እንጂ! ብቻ እዛ እያለች የፎቶ ኮፒ ማሽን ብትገዛ ብዬ ነግሬያታለሁ። እዚያ ይረክሳላ!»

አረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። እዛ እያለሽ ቴሌቪዥን፣ እዛ እያለሽ ለወንድምሽ ስልክ፣ እዛ እያለሽ ለጣሪያው ቆርቆሮ። ወላጅ በክፋት አይላትም፤ ልጅቱም በክፋት አትሰማትም። ሆኖም ቃሏ በተነገረች ቁጥር የመመለሻው ቀን አንድ ዓመት ወደ ፊት ይሸሻል። የጋሽ አሕመድኑር ሱሀይላ ስክሪኑን ስትገዛ አንድ ዓመት፣ ማተሚያውን ስትገዛ ሌላ ዓመት ቆይታለች። እናቷ የሞተችውም በማተሚያው ዓመት ነው።

«ባይሠራስ ለማን ይመልሱታል?» አለች የሻለም። «እኔ ደረሰኝ አለኝ፤ ደሴ ሄጄ ነጋዴውን ቀይርልኝ እለዋለሁ።»

«ለምን አይሠራም? ሱሀይላ በእመቤቷ ልጅ ኮምፒውተር ላይ አስሞክራው፣ ሲሠራ በዓይኗ አይታ ነው የላከችው።»

የሻለም ደነገጥ አለች። «ከመሰካትዎ በፊት ከኋላው ያለውን አንድ ጊዜ ልይልዎት?»

«አማናዬን እኔው ልክፈተው። አንቺ ሲበራ እዪ።»

ደግማ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሽማግሌ ማሳፈር ሆነባትና ዝም አለች። ይሉኝታችን ስንት ቤት እንዳቃጠለ ማን ይነግረናል! የተማረ ሰው የሚያውቀውን ለመናገር ካፈረ ትምህርቱ ለማን ሊሆን ነው?

ጋሽ አሕመድኑር ብሎን መፍታት ለምደዋል። የተቃጠለውን አወጡ፣ አዲሱን አስገቡ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ አገናኙ፤ «ቢስሚላህ» ብለው ሰኩት።

ጧ! አለ። ሰማያዊ ብልጭታ ከኋላው ወጣ፤ የቤቱ መብራት ጠፋ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ክፍሏን ሞላት። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው እንደቆሙ ቀሩ።

የሻለም ሶኬቱን ነቀለች። ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ አቅርባ ከዕቃው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አሳየቻቸው።

«እዚያ አገር ብዙ ቤት የሚገባው መብራት ጉልበቱ የኛን ግማሽ ያህል ነው ጋሽዬ። ይህች መቀየሪያ ለዚያ ተስተካክላለች። እዚህ ሲመጣ በጥፍር ገፋ ማድረግ ብቻ ነበር። ደሴ ያለው ነጋዴ ለኛ መብራት የሚሆነውን አይቶ ነው የሚሸጠው፤ ትርፉን የሚወስደውም ለዚህ ነው። ጥፋቱ የኔም ነው። መናገር ሲገባኝ አፈርኩ፤ አፉ ይበሉኝ።»

«አብሽሪ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ግን ደክሟል። «ልጄ ሲሠራ አየችው እኮ...»

ስልካቸው ጠራ። ሱሀይላ ናት፤ እመቤቷ ሲወጡ ብቻ ነው የምትደውለው።

«አባዬ፣ ደረሰልዎት? ይሠራል?» የደስታ ድምጿ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ።

የሽማግሌው የመጀመሪያ ሐሳብ «ይሠራል» ማለት ነበር። የሻለምን አዩ፣ ቀይዋን መቀየሪያ አዩ።

«ተቃጠለ ልጄ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አሁን ስሚኝ፤ እዛ እያለሽ...»

«እሺ አባዬ፣ ምን ልግዛ?»

እሺታዋ ከቃላቸው ቀድሞ መጣ። ይህን ያህል ዓመት «እዛ እያለሽ» ሲሏት እሷ «እሺ» ስትል፣ አንድም ቀን በቅጡ ሰምተዋት አያውቁም።

«ምንም አትግዢ። እዛ እያለሽ ለኔ ምንም አትግዢ። ነይልኝ።»

የሱሀይላ ድምፅ ዝቅ አለ።

«አባዬ፣ ለፎቶ ኮፒው ብዬ እኮ... ትናንት ለሁለት ዓመት ፈረምኩ። ፓስፖርቴንም እመቤቴ ወሰዱት።»

መስመሩ ተቋረጠ። እመቤቷ ገብተው ይሆናል። ጋሽ አሕመድኑር ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ አለቀሱ፤ የሻለምም አብራቸው አለቀሰች።

በማግስቱ የሻለም ኮምፒውተሩን ፈትሻ ሌላው አካሉ መትረፉን አረጋገጠች። ጋሽ አሕመድኑር በሷ ምክር ደሴ ወርደው፣ ሳይከራከሩ፣ ደረሰኝ ተቀብለው ሌላ ፓወር ሰፕላይ ገዙ። ሳምንት ሳይሞላ ቤታቸው ሥራ ጀመረ። ዕቃ ሲበላሽ ይዘውለት የሚሄዱት ነጋዴ አገኙ፤ የቤቷ ገቢም የቤቷን ወጪ ቻለ። ሱሀይላ የምትልከውን ገንዘብ አይነኩትም፤ ስትመለስ የራሷን ሥራ እንድትጀምርበት በስሟ ያስቀምጡላታል።

የተቃጠለው ዕቃ ግን መደርደሪያው ላይ፣ ቀይዋ መቀየሪያ ወደ ደንበኛ ዞራ ተቀምጧል። ኩዌት ወይም ቤይሩት ልጅ ያለው ሰው መጥቶ «እዛ እያለች ስክሪን ባስገዛት ይረክስልኝ ይሆን?» ሲላቸው እሱን አንስተው ያሳዩታል።

«ይህስ ስንት ፈጀብዎት?» ይላቸዋል ሰውየው።

«እኔ እንጃ» ይላሉ ጋሽ አሕመድኑር። «ልጅቱ ገና እየከፈለች ነው።»