የአሥራ ሁለት ቀኗ ዳኛ

በዚህ ሰፈር እኔ ያልሰፋሁትን ሱሪ የለበሰ ሰው ካጋጠማችሁ መንገደኛ ነው። ያን ዕለት ረፋድ ላይ የሕንፃችንን ደረጃ ስወርድ፣ ባዶ ሻንጣ አንጠልጥለው እያለከለኩ የሚወጡ ሽማግሌ አገኘሁ። የጎረቤቴ የሰዓት ሠሪው አማት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የረጅም መንገድ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ።

“ደህና አደሩ፣ አባባ? ሻንጣው ለምንድን ነው?”

“ልጄንና የልጅ ልጄን ልወስድ ነዋ! ሦስት ወር እኛ ዘንድ ትታረሳለች። ባልየው ሥራውን ትቶ ሕፃን ታቅፎ ይውላል አሉኝ። ጉድ እኮ ነው!”

እንዲህ ያለ ክርክር እኔ በሌለሁበት ቢካሄድ ለአገር ኪሳራ ነው። ሻንጣውን ተቀብዬ ተመልሼ ወጣሁ።

ሰዓት ሠሪው ሸሚዙን ከፍቶ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስተኝቷል። እናትየውን በውስጠኛው ክፍል እንቅልፍ ወስዷታል።

“ይቅርታ አባባ፣ ብነሣ ትነቃብኛለች። ዛሬ አስነጠሰች እኮ! ያውም ሁለት ጊዜ!”

“እሰይ። አሁን ግን ለእናቷ ስጣት፤ እንሄዳለን። አባት የሚያስፈልገው ልጅ አፍ ስትፈታ ነው። ዛሬ አንተንና ግድግዳውን አትለይም።”

“ትለየኛለች! ሆድ ውስጥ ሳለች ከሥራ ስመለስ የዋልኩበትን ሁሉ አወራት ነበር። ሦስት ወር ከወሰዷት እንግዳ ሆኜ ነው የምጠብቃት። ቢቆጡኝም አልችልም፣ አባባ።”

ሽማግሌው ፊታቸውን አኮሳተሩ። እኔ ጣልቃ ገባሁ። “ታዲያ ልጅቷ ራሷ ትፍረድ! በአንድ ጎን ቆመን በየተራ እንጥራት።”

ሕፃኗ ነቅታ አልጋ ላይ ተጋደመች። ሽማግሌው መንገደኛ በሚጠሩበት ድምፅ “የኔ እመቤት!” አሏት። ጣሪያውን አየች። ቀጥዬ እኔ፣ የሦስት ሰፈር ወፍ በሚያስበረግገው ድምፄ ተጣራሁ። አዛጋች። ሰዓት ሠሪው ግን ተንበርክኮ በለሆሳስ፣ “ባለፈው ወር የአንዲት አስተማሪን ሰዓት ፈታሁ፤ ውስጡ ፀጉር ገብቶበት ነበር” አላት።

እግሯን ማወራጨት ተወች። አንገቷን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ወደ እሱ አዞረች። ምድር ስትዞር በዓይኔ አየሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

“እስቲ ድገማት” አሉ ሽማግሌው። ፊቷን አቅንቶ ደገመ። አሁንም ዞረች።

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። “እኔ ከጉዞ ስመለስ ልጄ ታለቅስ ነበር። ጢሜን ፈርታ ነው እል ነበር። አንድ ቀን እናቷን፣ ‘ሰውዬው መቼ ነው የሚሄደው?’ አለቻት። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።” ወደ ሕፃኗ እጃቸውን ዘረጉና፣ “እንዴት ነው የምትያዘው?” አሉ።

ሰዓት ሠሪው በደስታ ሊበር ደረሰ። “እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ! ኮትዎን ያውልቁ! አንገቷን ደግፈው... መሪ አይደለም፣ አባባ፣ አያጥብቋት!”

አንባቢዬ፣ ልጁን የሚያቅፍ አባት ምን እንደሚያተርፍ ከእኔ በላይ የሚነግርህ የለም። እናት ጠግባ ትተኛለች፤ በሁለት እጇ ትበላለች። ሕፃን የምታርፍበት ሌላ ደረት ታገኛለች። አባትንም ልጁ እንደ እንግዳ አታየውም፤ እሱም የረሃብ ለቅሶዋን ከእንቅልፍ ለቅሶዋ ለይቶ ያውቃል። ክብሩስ? እኔ እንኳ፣ ከእኔ ወዲያ ኩሩ በሌለበት፣ በሰዓት ሠሪው ቀናሁ።

የክፍሉ በር ተከፈተና እናትየው ብቅ አለች። ሻንጣውን አይታ ደነገጠች።

“አባባ፣ ልትወስደን ነው የመጣኸው?”

“የለም፣ እዚሁ ሁኚ። እኔ በየጠዋቱ እመጣለሁ” አሉ፣ ዓይናቸውን ከሕፃኗ ሳያነሡ። “አሁን ግቢና ተኚ። ወሬ ይዘናል።”

ከዚያም ለሕፃኗ ጎማ የፈነዳበትን የአንድ ክረምት ጉዞ ከመነሻው ጀመሩላት።