የሌንጮ ቀይ ተክሎችና የልቅሶ ቤቱ መብራት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከጊንጪና ከእጃጂ ድረስ የመጣችሁ ዘመዶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፤ ፈጣሪ ሁላችንንም ያጽናን። እኔ ጋሮማ ነኝ፤ የመምህር ሌንጮ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ።

ምን ልበላችሁ? ሰኞ ምሳ አብረን በላን። ማክሰኞ ከክፍል ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ። ታመመ ሲባል አልሰማን። ሲያቃስት አላየን። እንዴት ብለን እንመን? በየልቅሶው ድንኳን የሚተክልልን እሱ አልነበረም? ዛሬ ጠዋት ድንኳኑ ሲዘገይ ስልኬን አውጥቼ ለማን የደወልኩ ይመስላችኋል? ለሌንጮ! ጠራ። ጠራ። ባለቤቱ ናኦሚ አነሳችው። ምን እላታለሁ?

ሳሎኑ የገባችሁ ሁሉ የዓሣ ገንዳውን ታውቁታላችሁ። ዓሣው ሰበብ ነው፤ ልቡ ያለው ተክሎቹ ላይ ነበር። ውሃ ውስጥ ቀጥ ብለው የሚያድጉ፣ ቀይ፣ ሮዝ፣ ወርቃማ። እንዲህ እንዲቀሉ ብርቱ መብራትና ጋዝ ይፈልጋሉ አለኝ። «ታዲያ የአምቦ ሰው ጋዝ ይቸግረዋል?» ብሎ አምቦ ውሃውን ከየጠርሙሱ ገንዳው ውስጥ ገለበጠው። ዓሣዎቹ ጋዙ አፍኗቸው አፋቸውን ከፍተው ላይ ወጡ! የባዮሎጂ አስተማሪ ነው እንግዲህ! ውሃውን ሊቀይር ሲሯሯጥ እኔ በሳቅ ፈረስኩ። «አትሳቅ፣ ማሎ፣ እባክህ ባልዲ አቀብለኝ!» ይለኛል።

ተክሉ ሲያምርለት ደግሞ ጫፉን በመቀስ ይቆርጠዋል። «አንተ ሰው፣ አበድክ እንዴ?» ስለው፣ «ካልቆረጥኩት ላዩ ታቹን መብራት ይከለክለዋል፤ ታቹ ይበሰብሳል» ይላል። ቁራጩን አሸዋው ውስጥ ይሰካዋል፤ ሥር ያወጣል። ከመካከላችሁ ከሱ ቁራጭ ያልወሰደ ማን አለ?

ትናንት ልቅሶ ቤት ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ተሸፍኗል። ገንዳውም ጨልሟል፤ ጋቢ ተጥሎበታል። ያጠፉት ጎረቤታችን አዴ አስያ ናቸው፤ ልቅሶ ቤት ውስጥ ቀይና ሮዝ ማብራት ነውር መስሏቸው። አዴ አስያ፣ አይቀየሙኝ፤ ማናችንም ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። ናኦሚ ከፍራሹ ተነሳች። ጋቢውን ገፈፈችው። «ማሎ፣ አብሩላቸው። እሱ ሞተብኝ፤ እነሱንም ልቅበር?» አለች። መብራቱ በራ።

ናኦሚ፣ «መቀሱን አልይዝም፣ የሱ ነው» ብለሽኛል። እኔ እመጣለሁ። እቆርጣለሁ፤ እተክላለሁ። እንደሱ አልችልበትም፤ አጣምሜ ብተክለው ታገሺኝ።

ሌንጮ! ሰዎቹ አካፋ ይዘው ቆመዋል። ንግግሬ ለምን እንደረዘመ አንተ ይገባሃል። እኔ ዝም ስል አፈሩን ይመልሱብሃል። እንዴት አድርጌ ዝም ልበል?

ነጋቲ፣ ኦቦሌሳ ኮ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ።

በቃ። ዝም አልኩ።