እጅጌው እስከ አንጓዋ ይርዘም

ካውያሽ ከልክ በላይ አልጋለም እንዴ፣ እቴ? ተይው፣ ትንሽ ይቀዝቅዝ። ባለፈው የዚያን መምህር ኮሌታ ያቃጠልሽው ቸኩለሽ ነው። መስኮቱንም ክፈቺው እስቲ፤ የዛሬው ሙቀት አይጣል ነው። አቧራ ይገባል? ይግባ! ከመታፈን አቧራ ይሻላል።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ? የእህቴን ልጅ የሙሽርነት ቀሚስ አበላሸሁት። አዎ፣ እኔ! ዕድሜዬን ሙሉ መቀስ ይዤ የኖርኩት ሴትዮ። እጅጌው እስከ አንጓዋ ይርዘም ተብሎ ታዝዞ፣ ከትከሻዋ ትንሽ ወረድ ብሎ ቀረ። ጨርቅ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው፤ ተለምኖ አይረዝም። ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ እጮኛዋ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ግድ የለም፣ ስልኩን እያየ ነው፤ አይሰማንም። እሷ ከእናቷ ጋር መጋረጃው ውስጥ ሆና እየለካችው ነው። ጊዜ ይወስዳል። ቁልፉ ብዙ ነው፣ ያውም ከጀርባ።

እስክትወጣ ድረስ የሌላ ሰው ወሬ ላጫውትሽ። የአንዲት ደንበኛችን እጮኛ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የመልካም ሰው ስም በየስፌት ቤቱ ሲጠራ ደስ አይልም። ብቻ እንደሱ ያለ አፍቃሪ አይተሽ አታውቂም።

ገና በተዋወቁ በሳምንቱ «ያለ አንቺ መኖር አልችልም» አላት። በሳምንቱ! እኔ ይችን የስፌት መኪና ለመልመድ ስንት ወር ፈጀብኝ፤ ዛሬም ክር ትበጥስብኛለች። እሱ ግን ፈጣን ነው። ሳይውል ሳያድር ቀለበት፣ ቀለበቱ ሳይሞቅ የሠርግ ቀን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ... ይህን ያለው ሰው የሱን አስተጣጠቅ አላየም። ሌላ ሰው ቀርቶ ታጣቂዋ ራሷ እንዳትፈታው አድርጎ ነው የሚቋጥረው!

አሳቢነቱስ? ሥራ ቦታዋ ይደውላል። ደረስሽ? ማን አጠገብሽ አለ? አሁን የሰማሁት ሳል የማን ነው? አቤት ጆሮ! ሳሉ እኮ የኔ ነበር... ማለቴ፣ የአንዲት ባልደረባዋ።

ወዳጆቿንም አጣራላት። እኛ የተረፈ ክር እንደምንለቅመው፣ እሱም አንድ በአንድ ለቀማቸው። አብሮ አደጓ ወሬኛ፣ ወንድሟ ባለጌ፣ አክስቷ ምቀኛ። ምን ያለች ዕድለኛ ናት? እኛ ወዳጅ የመሰለንን ሁሉ ወዳጅ እያልን በድንቁርና እንኖራለን፤ እሷ በየቀኑ አዲስ ጠላት የሚያሳያት ሰው አገኘች። አሁን የቀረቻት እናቷ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን «ጣልቃ ትገቢያለሽ» ተብላ፣ ልጇን የምታየው በሱ ፈቃድ ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ የሚባለው እውነት ነው እቴ። ብቻ እሱ ባሕሩን ራሱ ይዞ፣ ለሷ በጭልፋ ይሰጣታል... እንዳትሰጥምበት ብሎ ነው!

ከሥራም አስወጣት። «እጅሽን መርፌ አይውጋው» ብሎ። ልጅቷ ቁልፍ ስትተክል አይተሻት ታውቂ የለ? ጣቶቿ ይዘፍኑ ነበር። እሱ ግን ለጣቷ አዘነ። ለሚስት ጣት የሚያዝን ወንድ ዛሬ ከየት ይገኛል? ለቀረው አካሏ ያዝን አያዝን... እሱን እንጃ።

ቁጡ ነው የሚሉት ምቀኞች ናቸው። ሰው ፊት ተቆጥቶ ያውቃል? አንቺ ራስሽ፣ የአንዲት ባልቴት ዘንቢል ተሸክሞ ደረጃውን ሲያወጣላት አይተሽ፣ «ምነው እንደሱ ያለውን በሰጠኝ!» አላልሽም? አትሽኮርመሚ፣ ብለሻል። እኔም ብያለሁ። ቤት ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ትዕግሥቱ ትንሽ ድክም የሚለው። አንድ ቀን «ለምን ለሻጩ ሳቅሽለት?» ብሎ ስልኳን ከግድግዳ ጋር አላተመው አሉ። እሷን እኮ አልነካትም! ግድግዳውን ነው። ይኼ ጨዋነት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በማግስቱ ደግሞ አበባ ይዞ፣ ተንበርክኮ፣ እንባውን እያፈሰሰ «አንቺ እኮ ነሽ ያናደድሽኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። እንዲህ ያለ ይቅርታ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እሱ ተንበረከከ፣ ጥፋተኛዋ እሷ ሆነች፤ ይቅርታ ጠይቃ ያስነሳችው እሷ ናት! አዲስ ስልክም ገዛላት። የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው እሱ ነው... እንዳትረሳው ብሎ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አደብ ገዛች። ድሮ ሳቋ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። አሁን መልስ ከመስጠቷ በፊት ዓይኑን ታያለች፤ ምን እንደምትጠጣ ስትጠየቅ እንኳ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? በወርቅ አንቆጥቁጧታል በይኛ!

እኛ ልብስ ሰፊዎች አንድ ክፉ ልማድ አለን፤ ጨርቅ ስንገዛ ገልብጠን ነው የምናየው። ፊቱማ የማያምር ጨርቅ የት አለ? እኔ ግን ያን ሰው ያየሁት ቀን መገልበጡን ረሳሁ። ልጅቷ መጥታ «ይቀናል» ስትለኝ፣ «ቅናት የፍቅር ጨው ነው» ብዬ ሳቅሁ። ጨው! ስንት ማንኪያ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም። «ሲያገባ ይረጋል» ብዬ ሸኘኋት። ምን ዓይነት አዋቂ ነኝ፣ በይ?

ልኬት ልወስድላት ስነሳ ነው የገባኝ። ደረት፣ ወገብ፣ ከዚያ ክንድ ነው። «እጅሽን አንሺ» አልኳት። አንዱን አነሳችው። ሌላው ጋ ስደርስ ሜትሩ ገና ሳይነካት ሸሸች። «በር መታኝ» አለችኝ። በር... ዕድሜዬን ሙሉ ስንት በር ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ ጣት ያለው በር ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። አራቱ ጣት ከዚህ፣ አውራ ጣቱ ከዚያ። ጌታው ደግሞ ወዲያው ከወንበሩ ላይ ሆኖ «እጅጌው እስከ አንጓዋ ይርዘም» አለ። በዚህ ሙቀት! ፀሐይ እንዳያጠቁራት አስቦ ነው። ቀድሞ የጠቆረው ለፀሐይ አይቆጠርም። እኔም መቀሱን አነሳሁና... ወይ ጉድ፣ ምን ነካኝ? እሱ እኮ ሌላ ቀሚስ ነው።

ምነው ወንድሜ ተነሳህ? ወይኔ፣ ላብ አጠመቀህ! ካውያሽን አስቀምጪና ውሃ ስጪው። አንተን አይደለም እኮ! የኛማ ልጅ ምን ወጥቶህ? ሌላ ሰው ነው የማማው። ተቀመጥ። አልቀመጥም? እሺ፣ እንዳሻህ። በሩ ላይ ያሉትን አትያቸው፤ ጎረቤታችን አናጺው ከነባልደረቦቹ ነው፤ ጥላችን ተስማምቷቸው ነው የተቀመጡት። ትከሻቸው ሰፊ ነው እንጂ ልባቸው የዋህ ነው።

ሙሽሪት ቆየች? እውነትህን ነው፣ ቆየች። ግለጠው እንግዲህ መጋረጃውን፣ ምን ከለከለህ... ቀሚሱ አምሮ ተሰቅሏል አይደል? እሷማ ከእናቷ ጋር በጓሮ በር ከወጣች ቆየች። ያኔ ጓደኛዬ ካውያዋን እያጋለች፣ እኔ ስለ ሙቀቱ እያወራሁ ነበር። የት እንደሄደች አትጠይቀኝ፤ ሆን ብዬ አልጠየቅኋትም። ስልኩን ግን መስታወቱ ሥር ትታልሃለች። የሚስጥር ቁጥሩን እንደሆነ አንተ አትረሳውም።

አንቺም እቴ፣ አታልቅሺ። አንቺ ምን አደረግሽ? ቀድሞ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ልጅ መጥታ ስትነግረኝ የሳቅሁት እኔ። እሷም፣ እናቷም፣ ይህን የሰማችሁኝም ሁሉ ይቅር በሉኝ።

አንተ ግን ባዶህን አትወጣም። ከዚህ ቤት ሙሽራ ሳይመረቅ ወጥቶ አያውቅም። ና፣ ዝቅ በልልኝ የኔ ጌታ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ቤትህ ይሙቅ። ሴት ልጅ ይስጥህ፤ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ፣ አባባ ብላ ሮጣ ደረትህ ላይ የምትወድቅ። ከነፍስህ አብልጠህ ውደዳት። አድጋም ለወግ ለማዕረግ ስትበቃ... ልክ አንተ በወደድክበት አወዳደድ የሚወዳት፣ አንተን ቁርጥ፣ አንተን ራስህን የመሰለ ባል ይስጣት።

አሜን በል እንጂ!